በልብ ማሳበብ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ ልበልህ። እማዬም እስከ መጨረሻዋ ቀን "ደህና ነኝ" ስትል ነበር፤ ቤታችን የለመደው ነው።

ስልኩን ስለዘጋሁብህ ይቅርታ አድርግልኝ። አንተም ጮህክ፣ እኔም ጮህኩ፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ለቅሶ የመጣ ሰው ተቀምጦ ያዳምጠን ነበር። ከእንግዲህ የምንነጋገረውን በወረቀት እናድርገው። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። አንተ ያለህበት አገር ድረስ ደብዳቤ እስኪደርስም ንዴታችን ይበርድ ይሆናል።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ተኝታ ነው ያረፈችው። አይ፣ ስምህን አልጠራችም፤ ብትጠራ እነግርህ ነበር። ማንንም አልጠራችም። ቀብሩ ላይ ባለመድረስህ የተቀየመህ ሰው የለም፤ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አልጋዋ አሁንም መስኮቱ ስር ነው። ከታች ጋራዡ ብረት ሲቀጠቅጥ እሷ የምትረበሽ እየመሰለኝ ተነስቼ መስኮቱን እዘጋለሁ።

እትዬ ሬዲዮ ከጎኔ አልጠፉም። አንተ ስታውቃቸው ከነበረው አንድ ነገር አልቀነሱም፤ ሰፈሩ ውስጥ ማን ምን እንዳለ ከሳቸው ሳልሰማ የተኛሁበት ቀን የለም። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ከእማዬ ጋር በማንኳኳት ነበር የሚጠራሩት። አሁንም አንዳንዴ ረስተው ያንኳኳሉ፣ ከዚያ መሃል ላይ ያቆማሉ።

የሞት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ አያይዤልሃለሁ። "የልብ መቆም" ይላል። ለሚጠይቅህ ሁሉ ልቧ ነው በል፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እትዬ ሬዲዮ "ምን ሆና ነው፣ ምን ሆና ነው" እያሉ ሲያስጨንቁኝ ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸውና ተገላገልኩ። እስኪመሽ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

ራስህን ጠብቅ። በደንብ ብላ።

እህትህ

ጥቅምት 28

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ወረቀቱ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንደው የሚነበብ ነገር ካለው ነው።

የልብ መቆም! እስቲ ንገሪኝ፣ ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው ታውቂያለሽ? መኪና የገጨውም ልቡ ይቆማል፣ ውሃ የወሰደውም ልቡ ይቆማል። ይሄ የሞት ምክንያት አይደለም፤ የራሱ የሞት ሌላ ስም ነው። "ለምን ሞተች?" ስትባይ "ስለሞተች" ብሎ እንደ መመለስ ነው። ከስሩ "ይህን ያመጣው" የሚል መስመር አለ፤ ባዶ ነው። ከዚያ ስር ደግሞ አንድ ሌላ አለ፤ እሱም ባዶ። ወረቀቱን የሞላችው ዶክተር እጇን አሟት ነበር እንዴ?

በሰኔ የላክሽልኝን ፎቶ አውጥቼ አየሁት። ያኔ ፊቷ ሞልቶ ሳየው ወፈረች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ አብጣ ነው። ነጠላ ጫማው አልገባ ብሏት ተረከዟ ውጭ ቀርቷል። ምግብ እንደሚያስጠላት፣ ሰውነቷን እንደሚያሳክካት ደግሞ ያን ሰሞን አንቺው ነግረሽኛል። ይሄ ልብ አይደለም፣ እህቴ። ኩላሊት ነው! እኔ የመድኃኒት ሰው ነኝ፤ ከዚህ ሆኜ በፎቶ ያየሁትን እዚያ አጠገቧ ቆማ ያላየች ዶክተር ምን ትባላለች? አላወቀችም፣ ወይም ከመሸ በኋላ አወቀች፤ ከዚያ ጥፋቷን በልብ አሳበበች።

ስለዚህ እርማት ይደረግ። የቤተሰብ መብት ነው፤ አንቺ ማመልከቻ ታስገቢያለሽ፣ እሷ ታስተካክላለች። ኩላሊት ይባል። ኩላሊቷን ምን እንዳጠፋውም ይጻፍ። ሁሉም መስመር ይሞላ። እናቴን የገደለው ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ደብተር ላይ በቀይ ስክሪብቶ ስታሰምሪ የምትውዪ አስተማሪ፣ የእናትሽን ወረቀት እንዴት ከነስህተቱ ታሳልፊያለሽ?

ሌላው፣ ለእማዬ ገዝቼ ያስቀመጥኳቸውን የጉልበት ኪኒኖች እያየሁ መዋል አልቻልኩም። ወደዚያ ለሚመላለስ ሹፌር ሰጥቼ ለእትዬ ሬዲዮ በቀጥታ ልኬላቸዋለሁ። እሳቸውም እንደሷ ጉልበታቸውን አይደል የሚያማቸው? በእማዬ ነፍስ ይጠቀሙበት። ሳጥኑ ላይ እንደ ሁልጊዜው "ሲያምዎ ብቻ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 15

ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? መልሴ የዘገየው ትምህርት ቤት ፈተና ስለሆነ ነው። አይ፣ ሆስፒታል አልሄድኩም። ሄጄ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። እርሜን ሳላወጣ እርማት ትለኛለህ።

ስለ ኪኒኑ ግን ተቆጥቼሃለሁ። ሳትጠይቀኝ ለምን ላክህ? ሳጥኑን እጃቸው ላይ ሳየው ክው አልኩ። "ይስጡኝ እትዬ፣ ጊዜው አልፎበታል" አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን ፈልገው አሳዩኝ፤ አላለፈበትም። "ለሆድ አይስማማም" አልኳቸው። "የኔ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል" አሉኝ። ሲጨንቀኝ "ለኩላሊት ጥሩ አይደለም" ብል ሳቁብኝ። "እናትሽ ከኔ እኩል ስትውጠው ኖራ በልቧ አይደል እንዴ የሞተችው? ወረቀቱን በገዛ እጅሽ አላሳየሽኝም? ደግሞ አንቺ ከፋርማሲስቱ ትበልጫለሽ?" አሉ። ሳጥኑን እጃቸው ላይ ትቼ ወጣሁ።

አንተን ግን ይሰሙሃል። እባክህ "ኪኒኑን ይተዉት" ብለህ ጻፍላቸው። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ታላቅህ ነኝና አንድ ጊዜ ሳትከራከር እሺ በለኝ።

የወረቀቱንም ነገር ተወው። ልብ ብሏል፣ ልብ ይሁን። አንዳንድ መስመር ባዶ የሚቀረው ለሰው ታስቦ ነው።

እህትህ

ታኅሣሥ 4

እህቴ፣

ሰላምታ አላበዛብሽም።

ለሰው ታስቦ? ለማን ታስቦ? ለዶክተሯ ወይስ ላንቺ? ሆስፒታል መቼ ወሰድሻት ስልሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ምን አሏችሁ ስልሽ ስለ ቀብሩ ታወሪኛለሽ። አብረሻት የምትኖሪው አንቺ ነበርሽ። እግሯ ሲያብጥ ዓይንሽ ስር ነው ያበጠው። የሰው ልጅ ስታስተምሪ እናትሽ አጠገብሽ አለቀች። ይህን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፣ አስጻፍሽኝ።

አንቺ ካልሄድሽ እኔ ከዚህ ሆኜ ሄጃለሁ። ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ረጅም ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ያቺ ዶክተር በባለሙያዎች ፊት ቀርባ የእናቴን የሞት ምክንያት ለምን እንደደበቀች ታስረዳ ብያለሁ። ጥፋተኛው ይወጣል፤ ማንም ይሁን ማን አልምረውም።

የእትዬ ሬዲዮን ነገር ለኔ ተይው። መድኃኒት ሥራዬ ነው፤ እኔ ስለ ሰዋስው አላስተምርሽም። ያ ኪኒን በየትም የሚሸጥ ነው። ሲያማቸው ብቻ ከወሰዱት ምንም አይሆኑም። ለእማዬም የጻፍኩላት ያንኑ ነበር። አሮጊቷን በከንቱ አታስደንግጫቸው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 22

ሊቁ፣

እማዬ ባወጣችልህ ስም ልጥራህ። ዛሬ የምጽፍልህ የሷን ነገር ነው። ተቀምጠህ አንብበው።

ደብዳቤህ ሥራውን ሠርቷል። ዶክተሯ ኮሚቴ ፊት ቀርባለች። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ከወጡ በኋላ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ክፍሌ ውስጥ ከኔ ወንበር በቀር የትልቅ ሰው ወንበር የለም፤ እኔ ስነሳላት እምቢ ብላ የልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። "ለእርስዎ ብዬ እስካሁን አልተናገርኩም፤ አሁን ግን ሥራዬን ላጣ ነው" አለችኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እያጠፋሁ ጀርባዬን ሰጥቻት ቆየሁ።

ስለዚህ እኔ ልናገር።

እማዬን ሆስፒታል የወሰድኳት በመጋቢት ነው። አንተ ፎቶውን ከማየትህ በፊት። ደሟ ተመረመረና ዶክተሯ በዚያው ቀን ኩላሊቶቿ ሊያልቁ እንደሆነ ነገረችን። አላወቀችም ያልካት ሴት በመጀመሪያው ቀን አውቃለች። "ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" ብላ ጠየቀቻት። "ምንም" አለች እማዬ። "ልጄ የሚልክልኝን ብቻ።" ከቦርሳዋ ሳጥኑን አወጣች፤ ዶክተሯ ያንተን ጽሑፍ አነበበች፦ ሲያምሽ ብቻ። "ስንት ጊዜ ያምዎታል?" አለቻት። እማዬ ሳቀች። "ኧረ ሳያመኝ የዋለበትን ቀን ንገሪኝ!" አለች። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት፣ ብርድ ከሆነ ቀንም ጭምር። ለዓመታት። ሳትሳሳት ያልካትን ነው ያደረገችው፤ ሲያማት ብቻ።

በስልክ ስትደውልላት "ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝም" ትልሃለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ "ያቺን ኪኒን ላክልኝ" ትልሃለች። ምንም ያላመማት ሴት ያን ያህል ሳጥን ምን ታደርግበታለች ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? እንኳን ለራሷ፣ ለጎረቤቱ ሴቶች ሁሉ በመሐረብ እየቋጠረች ታድል ነበር። "ልጄ የላከው ነው" ስትል ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አላየህም። አንድ ቀን ልብ ብለህ ብትጠይቃት ኖሮ! ባለሙያው አንተ ነህ እኮ፤ እኔ ሰዋስው ነው የማስተምረው።

ከሆስፒታል ስንወጣ ደረጃው ላይ እጄን ያዘች። "ሊቁ ይህን ከሰማ በሰው አገር ብቻውን ያብዳል። ማይልኝ" አለች። ማልኩላት። ወሬ እየቀየርኩ ያስቸገርኩህ ለዚህ ነው። ኪኒኑንም አቆምኩ ብላኝ ነበር፤ አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ስር አገኘሁት። ነጥቄ ጣልኩ። እንደገና ከየት እንዳመጣች አላውቅም። ግድግዳው ሲንኳኳ ሰምቻለሁ፣ ያን ያህል ብቻ ነው የማውቀው።

የሞተች ዕለት ዶክተሯ ወረቀቱን ልትሞላ ስትቀመጥ እጇን ያዝኳት። ለመንኳት። "ወንድሜ ይህን አንብቦ አይኖርም፤ ልብ በይልኝ" አልኳት። "ይህ ወረቀት የሚጻፈው ለቀሪው ሰው ነው" አለችኝ። "ቀሪው እሱ ነው" አልኳት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት ናት፤ እንባዬን አይታ ሁለቱን መስመር ባዶ ተወችልኝ። ጥፋቷ ይህ ብቻ ነው። ለኮሚቴውም እንዲሁ ብዬ ተናግሬአለሁ፤ ከሥራ አልተባረረችም፣ ማስጠንቀቂያ ግን ተጽፎባታል።

እርማቱ ይኸው በፖስታው ውስጥ አለልህ። እንዳዘዝከው ሁሉም መስመር ሞልቷል። የኩላሊት ሥራ ማቆም። ይህን ያመጣው፦ ለረጅም ጊዜ የቆየ የኩላሊት ጉዳት። ይህን ያመጣው፦ ለዓመታት ያለማቋረጥ የተወሰደ የሕመም ማስታገሻ። የላከው ሰው የሚጻፍበት መስመር የለውም።

"አጠገብሽ አለቀች" አልከኝ። አዎ፣ አጠገቤ ነው ያለቀችው። ላንተ ስል አፌን ቆልፌ ሳያት ነው ያለቀችው። ይህን ቃልህን እረሳዋለሁ ብዬ አልዋሽህም።

አሁን ደግሞ የእትዬ ሬዲዮ እግር ማበጥ ጀምሯል። እርማቱን ይዤ ሄድኩላቸው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው አይተው፣ "ያኔ ልብ፣ ዛሬ ኩላሊት፤ ነገ ደግሞ ጉበት ትዪኛለሽ። እኔ የማምነው የመጀመሪያውን ነው፤ እንባሽ ሳይደርቅ ያሳየሽኝን" አሉኝ። ዋሽቼዎት ነው አልኳቸው። "እንግዲያው አሁንም ትዋሻለሽ" አሉ። ከኔ አፍ የወጣ ነገር ከእንግዲህ ጆሯቸው አይገባም። ጻፍላቸው፣ ሊቁ። በራስህ እጅ፣ ዛሬውኑ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

እህትህ

ጥር 26

ወንድሜ፣

ደብዳቤዬን በአደራ ነበር የላክሁት። ፖስታ ቤት ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ ደርሶሃል፣ ፈርመህም ወስደሃል።

እትዬ ሬዲዮ ትናንት ሆስፒታል ገብተዋል። ከመግባታቸው በፊት ቤታቸው ስሄድ ሳጥኑ ራስጌያቸው ነበር፤ "የሊቁ መልስ መጣ?" አሉኝ። ልጆቻቸው እኔን በክፉ ዓይን ያዩኛል፤ እናታቸውን የማስፈራራ ይመስላቸዋል። አሁንም ከነርሷ ተደብቀው እንዳይወስዱ እፈራለሁ።

ለኔ መጻፍ ካስጠላህ ለኔ አትጻፍ። ለሳቸው አንዲት መስመር ብቻ ጻፍ።

እህትህ

የካቲት 17

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የላክሽውን አንብቤአለሁ። ነገሩን ረጋ ብዬ ሳስበው አንዳንድ የሚያጠያይቅ ነገር አለው። የሕመም ማስታገሻ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። የደም ግፊቷም ነበር፣ ዕድሜዋም ነበር፣ ውሃ መጠጣት ደግሞ አትወድም ነበር። ዶክተሯ ኮሚቴ ፊት ከቀረበች በኋላ የጻፈችውን ሰው ሁሉ እንዴት ያምናል? እኔ በበኩሌ ሲያምሽ ብቻ ብዬ ጽፌያለሁ። እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ጽፌያለሁ እኮ።

ስለዚህ አንድ ነገር እንድትጠይቂልኝ እለምንሻለሁ። ወረቀቱ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ይችል ይሆን? ለሞተ ሰው አሁን ምን ይጨምርለታል? ልብ ማለት ውሸት አይደለም። ልቧም እኮ ቆሟል። ለዳይሬክተሩ የጻፍኩትንም ደብዳቤ ሽማግሌ ሆነሽ እንዲመልሱልሽ አድርጊልኝ፤ ስሜና ሙያዬ አለበት።

እዚህ ፋርማሲው መስኮት ላይ "ጉልበቴን" የሚሉ ሴቶች በየቀኑ ይመጣሉ። ድምፃቸውን ስሰማ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ባልደረባዬ ይሰጣቸዋል። እስኪሄዱ እዚያው እቆማለሁ። እንቅልፍ የለኝም፣ እህት ዓለም። ሌላ ምን እንድትሰሚ ትፈልጊያለሽ?

ለእትዬ ሬዲዮ የጻፍኩትን አያይዣለሁ።

ወንድምሽ

መጋቢት 6

ወንድሜ፣

አይመለስም። ጠይቄ እንቢ ብለውኝ አይደለም፤ አልጠይቅም። "ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው ታውቂያለሽ?" ብለህ እሳት ጎርሰህ የጻፍክልኝ ደብዳቤ እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አሁን ዓይንህን በጨው ታጥበህ "ልቧም እኮ ቆሟል" ትለኛለህ። የዳይሬክተሩንም ደብዳቤ ራስህ ጽፈህ አስመልስ፤ አድራሻውን ታውቀዋለህ።

እትዬ ሬዲዮ አሁንም ሆስፒታል ናቸው፤ አልጋቸው ከበሩ ሁለተኛው ነው፣ የሚገባ የሚወጣውን ለማየት ራሳቸው የመረጡት። ለኩላሊት እጥበት ማሽኑ ወረፋው ረጅም ነው። ዕድሜያቸውን አይተው ከወጣቶቹ ኋላ አድርገዋቸዋል። ተራቸው እንደማይደርስ ዶክተሯ ነግራኛለች፤ ለሳቸው ማንም አልነገራቸውም፣ ግን የሚያውቁ ይመስለኛል።

ያያያዝከውን አነበብኩላቸው። "እትዬ፣ ኪኒኑን ቢያቆሙት ጥሩ ነው። አክባሪዎ።" ሌላ ገጽ አለ ብዬ ፖስታውን አራገፍኩት። እሳቸው ሁለቴ አስነበቡኝና፣ "ጥሩ ነው ማለት የግድ ነው ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ያንቺው ነው እውነቱ" አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ "ወረቀት አውጪ" አሉኝ። ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ከታች ጽፌልሃለሁ። ስለ እኔ ያሉትንም አልቀነስኩም።

እህትህ

ሊቁ፣ እንዴት ነህ የኔ ልጅ?

እኔ ደህና ነኝ አልልህም። እናትህ እንደዚያ እያለች ነው ያታለለችህ። ታምሜአለሁ። አፌ ብረት ብረት ይለኛል፤ ውሃ እንኳ እንደ ሽቶ በጠብታ ነው የሚሰጡኝ። ይገርምሃል፣ ጉልበቴ አሁንም አልተወኝም።

የላክህልኝን ሳጥን ስቀበል ከደስታ ብዛት አልቅሻለሁ። የራሴ ልጆች ትዝ የማልላቸውን ይኼ የሰው ልጅ አስታወሰኝ ብዬ። የሰጠኸኝ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ እህትህ ጻፍላቸው ካለችህ ብዙ ቆየህ። እኔ ደግሞ ያንተን መልስ እየጠበቅኩ መዋጤን ቀጠልኩ። ብትጽፍ ኖሮ ያን ዕለት አቆም ነበር። ይህን የምነግርህ እንዲያምህ ነው።

በእህትህ አትቆጣ፤ የሚበቃትን እኔ ተቆጥቼላታለሁ። ያን የልብ ወረቀት ስታሳየኝ እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ ሳጥንህን አልከፍተውም ነበር። ላንተ ስታስብ እኔ ከግድግዳው ወዲያ መኖሬን ረሳችው። ነገርኳት። አለቀሰች፤ አላባበልኳትም። አሁንም እየጻፈች ታለቅሳለች፣ ፊደሉ ከተበላሸ ለዚያ ነው።

ዜናውን አሰራጭቻለሁ። ከእናትህ መሐረብ ስንካፈል የነበርን ሴቶች በሙሉ ሰምተዋል፤ አንዷም ሳትቀር ያላትን ጥላለች፣ ሁለቱ ደማቸውን ሊመረመሩ መጥተው እዚሁ ጠይቀውኝ ሄደዋል። ኪኒኑን ማን እንደላከው ግን አልተናገርኩም። ሲጠይቁኝ ከገበያ ነው እላለሁ። የማውቀውን ሳላወራ ስቀር በዕድሜዬ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከኩላሊቱ የባሰ ያመመኝ እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። ወረቀት መጻፍ ታውቅበታለህ አሉ፤ ዳይሬክተር ሳይቀር ታንቀጠቅጣለህ አሉኝ። እንግዲያው ለኔም ጻፍልኝ። ልጆቼ እንደ እህትህ ናቸው፣ የሰው ወሬ ይፈራሉ፤ የኔ ቀን ሲደርስ ዶክተሯን "ልብ በይልን" ብለው ሊለምኗት ይችላሉ። ከወዲሁ ለሆስፒታሉ ጻፍላቸው። ኩላሊት ይባል። ከስሩ ኪኒን ይባል። አንድም መስመር ባዶ እንዳይቀር። ይቺን ወረቀት አይታ የምትተርፍ አንዲት ሴት አትጠፋም።

ልቤ ምንም አላጠፋም። ዛሬ ጠዋት ነርሷ አዳምጣው "የልጃገረድ ነው" ብላኛለች። በልቤ አታሳብቡ።